የእግዚአብሔር ቅድመ ዕውቀትና የሰው ኃላፊነት

(በሕግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰው በድንገት ሲሞት ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። መኪና ተገልብጦ ብዙ ሕይወት ሲጠፋ «ከተጻፈው አይታለፍም» የሚል አይታጣም። ነፍስ አጥፍቶ ችሎት የቀረበ ተከሳሽም አንዳንድ ጊዜ ጠበቃው ሳያስተምረው «ዕድሌ ሆኖ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል። በለቅሶ ቤት የተነገረው ቃል የሐዘንተኛን ልብ ለማረጋጋት የታሰበ ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። ያው ቃል በዳኛ ፊት ሲነገር ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ማጽናኛነቱ ቀርቶ መከላከያ ይሆናል። መከላከያ ከሆነ ደግሞ እንደ ማናቸውም መከላከያ መመርመር ይኖርበታል።

ከዚህ ቃል በስተጀርባ ያለው ሐሳብ በጥብቅ ሲቀመጥ እንደሚከተለው ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ዐዋቂ ነው። ስለሆነም አንድ ሰው ነገ የሚያደርገውን ነገር፣ ያ ሰው ከመወለዱ፣ ዓለምም ከመፈጠሩ አስቀድሞ ያውቃል። እግዚአብሔር ያወቀው ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም። እንግዲያው ያ ድርጊት ሳይፈጸም ሊቀር አይችልም። ሳይፈጸም ሊቀር የማይችለውን ድርጊት የፈጸመ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ምርጫ ያልነበረውንም ሰው መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

ይህ ክርክር ለሕግ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ሊቋቋመው በማይችለው ኃይል ተገዶ ድርጊቱን የፈጸመን ሰው፣ ወይም በአእምሮ መታወክ ምክንያት የሥራውን ምንነት ለመረዳትና ራሱን ለመግዛት ያልቻለን ሰው አይቀጡም። የእግዚአብሔር ዕውቀት በሰው ላይ የሚሠራ አስገዳጅ ኃይል ከሆነ ከእርሱ የበለጠ አስገዳጅ ከየት ይመጣል? በዚህ ሚዛን ቢኬድ ከተከሳሾች መካከል ነጻ የማይለቀቅ አይኖርም። ስለ ግሪካዊው ፈላስፋ ስለ ዜኖን የሚተረክ አንድ ወሬ አለ። ሲሰርቅ የተያዘ አገልጋዩ «መስረቅ ተወስኖብኝ ነው» ቢለው፣ ዜኖን «መገረፍም አብሮ ተወስኖብሃል» አለው ይባላል። መልሱ ያስቃል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አልፈታም። ሌባውም ገራፊውም ተገደው ከሠሩ ፍርድ የሚባል ነገር ከመካከል ጠፍቷልና። ስለዚህ ክርክሩን ቋጠሮ በቋጠሮ መፍታት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቋጠሮ «ግድ» በሚለው ቃል ላይ ያለ ነው። ይህን በግልጽ የለየው ራሱ የፍርድ ሰለባ የነበረ ሰው ነው። ሮማዊው ቦኤትዮስ የንጉሥ ቴዎዶሪክ ከፍተኛ ሹም ነበር። በክህደት ተወንጅሎ ታሰረ፤ በ524 እ.ኤ.አ. ገደማም ተገደለ። «የፍልስፍና ማጽናኛ» የተባለውን መጽሐፉን ሞቱን እየጠበቀ በእስር ላይ ሳለ ጻፈ፤ የመጨረሻውንም ክፍል ለዚህ ጥያቄ ሰጠው። ቦኤትዮስ እንደሚያስረዳው ሁለት ዓይነት ግድ አለ። ሰው ሟች መሆኑ በባሕርዩ ግድ ነው። አንድ ሰው ሲራመድ ከታየ ደግሞ እየተራመደ መሆኑ ግድ ነው። በሁለተኛው ላይ ግዱ ያለው በማየቱና በመራመዱ መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው እንጂ በተራማጁ እግር ላይ አይደለም። ምስክሩ ተከሳሹ ሲመታ በእርግጥ አይቶ ከሆነ ተከሳሹ መምታቱ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ዱላውን ያነሣው የምስክሩ ዓይን አይደለም። «የታወቀ ነገር ግድ ይሆናል» የሚለው አነጋገር እውነትነቱ በዚህ መልክ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ስለዚህ አድራጊው ተገዷል» ማለት የግንኙነቱን ግድ በድርጊቱ ላይ መጫን ይሆናል።

ይሁን እንጂ ተከራካሪው በዚህ ብቻ አይረታም። የአሜሪካው ፈላስፋ ኔልሰን ፓይክ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሁለተኛውን ቋጠሮ አጥብቆ አሳይቷል። ምስክሩ የሚያየው ድርጊቱ በሚፈጸምበት ሰዓት ነው፤ የእግዚአብሔር ዕውቀት ግን ድርጊቱን በብዙ ዘመን የቀደመ ነው ይባላል። የቀደመ ነገር ያለፈ ነገር ነው፤ ያለፈውንም ማንም ሊለውጠው አይችልም። አንድ ሰው በመጪው ቅዳሜ የደጁን ሣር እንደሚያጭድ እግዚአብሔር ከብዙ ዓመታት በፊት አውቆ ከሆነ፣ ሰውዬው ሣሩን እንዳያጭድ ያለፈውን መለወጥ፣ ወይም እግዚአብሔርን ማሳሳት ይኖርበታል ማለት ነው። ሁለቱም ከሰው ዐቅም በላይ ናቸው።

ለዚህ ብርቱ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል ቀደምት የሆነው ከእስክንድርያ የወጣ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው አርጌንስ፣ በአስቆሮቱ ይሁዳ ምክንያት በተነሣ ክርክር፣ የሚሆነው ነገር ስለ ታወቀ አይሆንም፤ ይልቁንም የሚሆን ስለሆነ ታወቀ ሲል አስተማረ። ዕውቀቱ በጊዜ ቢቀድምም በምክንያት ግን ድርጊቱን ይከተላል። አውግስጢኖስም ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ በትዝታ መስሎ አስረዳ፤ ሰው ያለፈውን ማስታወሱ ያለፈው እንዲፈጸም እንዳላስገደደ ሁሉ፣ እግዚአብሔርም የሚመጣውን ማወቁ የሚመጣው እንዲፈጸም አያስገድድም።

እዚህ ላይ ከኑዛዜ ሕግ የሚወሰድ ምሳሌ ነገሩን ያቀርበዋል። አንድ አዛውንት በመስከረም ወር ኑዛዜ ጻፉ እንበል። «አዛውንቱ በመስከረም የጻፉት የመጨረሻ ኑዛዜያቸውን ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ያለፈ ነገር የሚናገር ይመስላል። እውነት መሆን አለመሆኑ ግን አዛውንቱ ከዚያ በኋላ ሌላ ኑዛዜ በመጻፍ አለመጻፋቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በጥር ሌላ ቢጽፉ ያ ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያውም ሐሰት ነበር ማለት ነው፤ ባይጽፉ ከመጀመሪያውም እውነት ነበር። አዛውንቱ ያለፈውን አልለወጡም፤ ነገር ግን ስለ ያለፈው የሚነገረው አንዱ እውነት በእጃቸው ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዙ መነኩሴ ዊልያም ኦክሃም ያስተማረው ወደዚህ የሚቀርብ ነው፤ ያለፈ ነገር ሁሉ የተዘጋ አይደለም፤ ከመጪው ጋር የታሰረው እስከዚያው ድረስ ክፍት ነው። የእግዚአብሔር ቅድመ ዕውቀት ከዚህ ወገን ከሆነ ሰው በነጻ ሲመርጥ እግዚአብሔርን አያሳስትም፤ እግዚአብሔር ያወቀው ያንኑ ምርጫ ነውና።

ቦኤትዮስ ደግሞ ቋጠሮውን ከሥሩ ለመቁረጥ ሞክሯል። በእርሱ አስተሳሰብ እግዚአብሔር በጊዜ ውስጥ ስለሌለ «አስቀድሞ» ዐወቀ ማለት ራሱ ተገቢ አይደለም፤ ያለፈውም የሚመጣውም በፊቱ በአንድነት የቆመ ነው። ቶማስ አኵናስ ይህንን በመንገደኞች መስሎታል፤ በመንገድ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚመጡትን አያይም፤ በአምባ ላይ የቆመ ግን የመንገደኛውን ሰልፍ ሁሉ በአንድ እይታ ያያል።

እንዴት ያለ ዕውቀት ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አሠራር ያሳያል። ሊቁ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ፣ በ2022 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን እንደሚውል ዛሬ ይናገራል። ፋሲካ በዚያ ቀን የሚውለው ሊቁ ስላወቀ አይደለም፤ እስከዚህ ድረስ ምሳሌው ለነጻ ፈቃድ ይረዳል። ነገር ግን ሊቁ ሊያውቅ የቻለው በዓሉ በማይናወጥ ቀመር ስለ ታሰረ ነው። በዓሉ በራሱ ፈቃድ ቀኑን የሚመርጥ ቢሆን ስሌቱ ባልረዳ ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕውቀት መለየት አለበት። አንደኛው በስሌት የሚገኝ ነው፤ ይህ የሚታወቀው ነገር አስቀድሞ በሕግ የታሰረ መሆኑን ይጠይቃል። ሁለተኛው በማየት የሚገኝ ነው፤ ይህ የሚታየው ነገር መኖሩን ብቻ ይጠይቃል። እግዚአብሔር ሰውን የሚያውቀው እንደ ቀመር እያሰላ ከሆነ ነጻ ፈቃድ አበቃለት። እንደሚያይ ሆኖ ከሆነ ግን ሰው ነጻ እንደ ሆነ ሊታወቅ ይችላል።

ሦስተኛው ቋጠሮ ዕውቀቱ ወደ ሰው ጆሮ ሲደርስ የሚፈጠር ነው። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ በግልጽ ተነግሮት ነበር። ቃሉ ከተነገረ በኋላ በጊዜ ውስጥ የገባ ያለፈ ድርጊት ሆኗል፤ የአምባው ምሳሌ እዚህ ብቻውን አይበቃም። አርጌንስ እንዳለው ቃሉ ክህደቱን ተከትሎ የተነገረ ነው ቢባልም፣ በመስማትና በመካድ መካከል ባሉት ሰዓታት ጴጥሮስ ምን ዓይነት ነጻነት እንደ ነበረው ለመረዳት ያስቸግራል። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ጴጥሮስ ከካደ በኋላ «ተነግሮብኝ ነበር» ብሎ አልተከራከረም፤ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ትንቢቱ በጆሮው እያለ ድርጊቱን የራሱ አደረገው። ልቅሶው የፍልስፍና ማስረጃ አይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን የውስጥ ምስክር ነው፤ ካዱ ያለው ፍርሃቱ እንጂ የሰማው ቃል አለመሆኑን ያውቅ ነበርና።

በእነዚህ መልሶች ያልረኩ ብዙዎች ናቸው። በ1204 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒዴስ፣ ሰው ፍጹም ነጻ መሆኑንና እግዚአብሔርም ሁሉን ዐዋቂ መሆኑን አጽንቶ ይዞ፣ የሁለቱ አገጣጠም ግን ከሰው አእምሮ በላይ ነው፤ የአምላክ ዕውቀት እንደ ሰው ዕውቀት አይደለምና ብሏል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጌርሶኒዴስ በበኩሉ፣ የሰው ምርጫ በእርግጥ ነጻ እስከ ሆነ ድረስ ወደየት እንደሚያጋድል አስቀድሞ አይታወቅም እስከ ማለት ደረሰ። ስፔናዊው ሉዊስ ዴ ሞሊና በ1588 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር ማንኛውም ሰው በማንኛውም ሁኔታ ቢቀመጥ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል የሚል መካከለኛ መንገድ አቀረበ። ከዚህ የተነሣ በተቀሰቀሰው የጸጋና የፈቃድ ክርክር ጳጳሱ ጳውሎስ አምስተኛ በ1607 እ.ኤ.አ. አንዱንም ወገን ሳይረቱ ጉባኤውን አሰናበቱ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው እያንዳንዱ መልስ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ነው። አንዱ ከአምላክ ዕውቀት፣ አንዱ ከሰው ነጻነት፣ ሌላው ከአእምሮ መረዳት ይቀንሳል።

በተጨማሪም ማወቅና መወሰን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። እስካሁን የተባለው ማወቅን የሚመለከት ነው። እግዚአብሔር እያንዳንዱን ድርጊት ራሱ ይወስነዋል ወይ የሚለው የበለጠ ከባድ ጥያቄ ነው። በእስልምና ውስጥ ሙዕተዚላዎች የአምላክን ፍትሕ ለመጠበቅ ሲሉ ሰው የሥራው ፈጣሪ ነው አሉ፤ አል-አሽዐሪ ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጥረው አምላክ ሲሆን ሰው የራሱ አድርጎ ያገኘዋል አለ። ያም ሆኖ በውሳኔ ማመን እጅን ማጣጠፍ እንዳልሆነ ከዚሁ ታሪክ መማር ይቻላል። በ639 እ.ኤ.አ. ገደማ ኸሊፋ ዑመር ወደ ሶርያ ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው እንደሚሄዱ መለሱ፤ ግመሎቹን ከለምለሙ የሸለቆ ወገን ያሰማራም፣ ከደረቁ ያሰማራም፣ ሁለቱም በአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዱ። ምርጫው ከውሳኔው ውጭ አልወጣም፤ ቢሆንም መመረጥ ነበረበት። «ቀኑ ካልደረሰ አልሞትም» ብሎ ፍሬኑ የላላ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን አልተረዳም።

«ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ፣ ደራሲው የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው፣ አይደለም፣ የ19ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው የሚለው ክርክር ባይቋጭም፣ ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ሐሳብ ይዟል። በእርሱ አመለካከት እግዚአብሔር ሰውን ፍጹም አድርጎ ሳይሆን ፍጽምናን እንዲሻ አእምሮ ሰጥቶ፣ ደግንም ክፉንም እንዲመርጥ አድርጎ ፈጠረው። ፈጣሪ ይህን ከሰጠው ማወቁ ስጦታውን የሚነጥቅበት ምክንያት አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ ለሕግ ሰው ሁለት ነገር ይተርፋል። አንደኛው «ተጽፎብኝ ነው» የሚለው ቃል መከላከያ ሊሆን አለመቻሉ ነው። የታወቀ መሆን የተገደደ መሆን አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ድርጊቱ ታውቆ ነበር ወይ ብሎ አይደለም፤ አድራጊው ሲያደርገው ይረዳና ራሱን ይገዛ ነበር ወይ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ዳኛውንና ዐቃቤ ሕጉን ራሳቸውን የሚመለከት ነው። በችሎት ውስጥ የአምባው እይታ ያለው ሰው የለም። ማስረጃ የሚሰማው፣ ምስክር የሚጠየቀው፣ ይግባኝ የሚፈቀደው ስለዚህ ነው። የወንጀል ሕጉ ጥፋተኛ እንዲታረም ሲፈልግ፣ ሰው ከትናንት ሥራው የተለየ ነገ ሊኖረው እንደሚችል ያምናል። በተደጋጋሚ የተፈረደበትን ወጣት «ይህ ከዚህ ሌላ አይሆንም» ብሎ የሚደመድም ዳኛ ሰውን እንደ ባሕረ ሐሳብ ቀመር እያሰላ ነው፤ የእግዚአብሔር ዓይን ሳይኖረው የእግዚአብሔርን ቅድመ ዕውቀት ለራሱ ወስዷል። ሁሉን የሚያውቀው አምላክ የሰውን ምርጫ ካልዘጋ፣ ጥቂት የሚያውቀው ዳኛ ሊዘጋው አይገባም።