ከማሳው የወሰድነውን ለማሳው እንመልስ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሂርና ከተማ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር አባላት፣ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣ የወረዳው የሥራ ኃላፊዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፤

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ የአፈር ለምነትን መጠበቅ ነው።

ማኅበር ገቢና ወጪውን በየዓመቱ ይመዘግባል። ማሳም እንዲሁ ሒሳብ አለው። አንድ ኩንታል የማሽላ ፍሬ ከአፈሩ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። 15 ኩንታል ስናመርት 22 ኪሎ ተኩል ያህል ወጣ ማለት ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ የያዘው ናይትሮጅን ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ ፍሬው ብቻ አንድ ከረጢት የሚያህል ይወስዳል። አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለማገዶ ሲሄድ በተለይ ፖታሲየም አብሮት ይሄዳል፤ ይህን ደግሞ ዩሪያ አይመልሰውም።

በአካባቢያችን ፍጉ ቅድሚያ የሚያገኘው ለጫቱ ነው። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ገንዘብ ስለሚያስገኝ አርሶ አደሩ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የቀረው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። የቤተሰቡ ቀለብ የሚጠበቅበት የተዳፋቱ የማሽላ ማሳ ግን ባዶውን ይቀራል፤ ጎርፍም የላዩን አፈር ይወስድበታል። አቀንጭራም የሚበረታው እንዲህ በተራቆተ መሬት ላይ ነው።

በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ሆኖም ዝርያው ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማዳበሪያና እርጥበት የሚይዝ እርከን አብረው ይፈለጋሉ።

የፋብሪካ ማዳበሪያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ዋጋው በዓለም ገበያ እንዴት እንደናረ ሁላችንም አይተናል። በውድ የተገዛ ማዳበሪያ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ብስባሽ ባለው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናድርግ።

1ኛ. ኮምፖስት በጥላ ሥር እናዘጋጅ። አረንጓዴ ቅጠል፣ ደረቅ ገለባ፣ እበትና ጥቂት አፈር እየደረብን፣ እርጥበቱን እየጠበቅንና እያገላበጥን ሦስት ወር ያህል ብናቆየው ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ ለማሽላው ድርሻ እንመድብ።

2ኛ. በእርከኑ ላይ ዝሆኔ ሣር እንትከል። ሣሩ አፈር ይይዛል፤ ለከብት መኖም ስለሚሆን ከአገዳው ከፊሉ በማሳው ላይ እንዲቀር ያስችለናል።

3ኛ. በማሽላው መካከል ቦሎቄ እንዝራ። ስንሰበስብም ሥሩን ሳንነቅል እንጨደው። ቦሎቄ ማዳበሪያን አይተካም፤ ቢሆንም ከአየር የሚያገኘው ናይትሮጅን ከአፈሩ የሚወስደውን ይቀንሳል።

4ኛ. ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንጠቀም። ከእሳት የተረፈው እበት ለማሳው ይሆናል።

ዩኒየናችንም ማዳበሪያ ሲያቀርብ የቦሎቄ ዘርን አብሮ፣ ከዘር ወቅት ቀድሞ ቢያደርስልን፣ የወረዳው ኃላፊዎችም የማሳችን አፈር እንዲመረመር ቢያግዙን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዩኒየኑ ነገ የሚረከበው ምርት የሚገኘው ዛሬ ከምንጠብቀው አፈር ነውና።