ስታኒስላቭ ሆይናትስኪና የመስቀል ቅርጽ ጥናት
(በደብረ ማርቆስ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በጎጃም ደጋ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ የመጾር መስቀል አብሮ ይወጣል። ሕዝቡ ይሳለመዋል፤ መቼ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ እስከ ሽምግልና ካልተዉት ሊቃውንት አንዱ የፖላንድ ተወላጅ የነበሩት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው።

እርሳቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 አዲስ አበባ የመጡት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ነበር። ከመጻሕፍቱ ጋር መስቀልና ሥዕልም ሰበሰቡ፤ ይህም ስብስብ በ1963 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መነሻ ሆነ። ከሪቻርድ ፓንክረስት ጋር ባዘጋጁት መጽሔትም በ1974 የዳያና ስፔንሰር የጎጃም ጉዞ ታትሟል።

የመስቀልን ዘመን መለየት አስቸጋሪ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል፤ በመጨረሻም ቅርጽ ማውጫው ይሰበራል። ስለዚህ መንትያ የለውም። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበትም ጥቂት ነው፤ የንጉሥ ስም ቢገኝ እንኳ ጽሑፉ ከመስቀሉ በኋላ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጥኚው ቅርጽን ከቅርጽ፣ መስቀሉንም በብራና ላይ ከተሣለው መስቀል ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ከእጀታው በላይ ወደ ጎን የሚታጠፉትን ክንፎች መሐንዲስ ደጋፊ ናቸው ሊል ይችላል፤ በሥርዓቱ ግን ጨርቅ የሚንጠለጠልባቸው ናቸው።

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የጻፉት ዋና መጽሐፍ በ1983 ታተመ። የመስቀሎቹ መጽሐፍ ግን የወጣው በ2006፣ ደራሲው ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በ2010 አረፉ።

ለሙዚየም ከነጋዴ የተገዛ መስቀል ከአገር ከመውጣት ይድናል። ሆኖም ነጋዴው ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ አይናገርም፤ የትውልድ ቦታው የጠፋ መስቀል ደግሞ ግማሽ ታሪኩ ጠፍቷል። በእቴጌ እሌኒ ስም በምትታወቀው በመርጡለ ማርያም፣ በፍርስራሹ ላይ የተቀረጹት የአበባ ቅርጾች ከግንቡ ጋር ስለ ቆሙ ይህ ችግር የለባቸውም። መስቀል ግን በአንድ ሌሊት ይሄዳል። የደብሩ መዝገብ ቁጥር ብቻ ከያዘ፣ ዕቃው በሌላ አገር ቢገኝ ማስረጃ አይኖርም። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ የተጠገነበትን ቦታና የተጻፈበትን ቃል በካህናቱ ፈቃድ መመዝገብ ሜትርና ካሜራ ላለው ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።