ቀይ ሥርና ሯጭ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከሩጫ ቡድናችን አባሎች አንዱ ባለፈው ሳምንት የቀይ ሥር ጭማቂ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣና «ይህ ነገር እውነት ሰውን ያስሮጣል? ወይስ የሚያስሮጠው ገንዘቤን ብቻ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ለጠርሙሷ ያወጣው ገንዘብ ከኪሱ የተረፈ ሳይሆን ከምሳው የተቀነሰ ስለ ነበረ፣ በግምት ልመልስለት አልፈለግሁም። ዛሬ የምናገረው መልሱን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድመን የነገሩን አሠራር እንመልከት። ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው። የበላነው ናይትሬት ወደ ደም ከገባ በኋላ አንድ አራተኛ ያህሉ በምራቅ ዕጢዎች በኩል ተመልሶ ወደ አፍ ይመጣል። በምላስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እርሱም ተውጦ፣ ኦክሲጅን ባነሰበት የሰውነት ክፍል ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ስለዚህ ጀርም በሚገድል መድኃኒት አፉን የሚጉመጠመጥ ሯጭ ጭማቂውን ቢጠጣ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ሠራተኞቹን ገድሏቸዋልና።

ቀጥሎ ፈተናዎቹን እንይ። በ2007 በስዊድን የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች ለ9 የሠለጠኑ ወጣቶች ለ3 ቀን ናይትሬት ሰጥተው ብስክሌት ሲያስነዱአቸው፣ ለዚያው ሥራ የሚያስፈልጋቸው ኦክሲጅን አነሰ። ልብ በሉ፤ የተለካው ኦክሲጅን እንጂ የውድድር ሰዓት አልነበረም። በ2009 በእንግሊዝ አገር በኤክስተር ዩኒቨርሲቲ 8 ወንዶች በየቀኑ ግማሽ ሊትር የቀይ ሥር ጭማቂ ለ6 ቀን ጠጡ፤ ከባድ ሥራ ላይ እስኪዝሉ ድረስ የቆዩበት ጊዜ 16 በመቶ ረዘመ። ነጋዴዎች አዘውትረው የሚጠሩት ይህን ቍጥር ነው። ነገር ግን እስኪዝሉ መቆየትና ውድድር መጨረስ የተለያዩ ናቸው። በ2011 እዚያው ኤክስተር 9 የክለብ ብስክሌተኞች 4 ኪሎ ሜትርና 16.1 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሰዓታቸው የተሻሻለው ከ3 በመቶ ባነሰ ነው።

ተፈታኞቹ ይበልጥ የሠለጠኑ ሲሆኑ ደግሞ ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። በ2012 በሚገባ የሠለጠኑ ብስክሌተኞች 50 ማይል ነድተው የተገኘው ልዩነት 1 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ከአጋጣሚም የሚለይ አልነበረም። በ2014 ምርጥ የ1500 ሜትር ሯጮች ተፈትነው በአማካይ ለውጥ አልታየም። በ2015 የኢጣልያ ተመራማሪዎች ሰዎችን በአካል ብቃታቸው ለይተው 3 ኪሎ ሜትር ሲያስሮጡ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ብቃት ያላቸው ሰዓታቸውን አሻሻሉ፤ ከፍተኛ ብቃት ያላቸው ግን አላሻሻሉም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሊቃውንት እንደሚሉት ብዙ የሠለጠነ ሰው ሰውነቱ ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ በደንብ ያመርታል፤ ጡንቻውም በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። በሞላ እንስራ ላይ ውኃ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ አይጠራቀምም።

«አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለ ከፍታውስ?» የሚል ይኖራል። የ2500 ሜትር ከፍታ አየር ተመስሎ በተደረጉ ፈተናዎች፣ በ2014 ብስክሌተኞች ተጠቀሙ፤ በ2015 ደግሞ የሠለጠኑ ሯጮች በ10 ኪሎ ሜትር አልተጠቀሙም። ሁለቱም የተደረጉት ከፍታ ላይ ተወልደው ባደጉ ልጆች ላይ አይደለም።

ጭማቂውን ከነጭራሹ ልናናንቀው አይገባም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ2018 ናይትሬትን ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ጥቂት ተጨማሪዎች አንዱ አድርገው ቈጥረውታል፤ መጠኑንም ከውድድሩ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ከ310 እስከ 560 ሚሊግራም ብለዋል። በብርቱ በሠለጠኑ ሰዎች ዘንድ ግን ጥቅሙን ማግኘት እንደሚያስቸግር እነርሱም ጽፈዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጭማቂው ሽንትን ከማቅላትና አልፎ አልፎ ሆድን ከመረበሽ በቀር ብዙ ጉዳት የለውም። ዱቄቱን ከኬሚካል ሻጭ ገዝቶ መዋጥ ግን ከቶ አይገባም። ናይትራይት ሲበዛ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ሊገድልም ይችላል።

ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ሥልጠና ገና ለጀመረ ሰው ጭማቂው ጥቂት ሊረዳው ይችላል፤ ሆኖም ለጀማሪ ከጠርሙስ ይልቅ የአንድ ወር ልምምድና የተሟላ ምሳ ይበልጥበታል። ለተፈተነ ሯጭ ደግሞ የሚጨምርለት ነገር ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው፤ መሞከር ቢፈልግ በልምምድ ቀን እንጂ በውድድር ቀን አይጀምር። ቀይ ሥርን ከገበያ ገዝቶ መብላትም ይቻላል፤ ብቻ ቀቅለው ውኃውን ሲደፉት ከናይትሬቱ ከፊሉ አብሮ ይደፋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ ተማሪዎች «በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል ቃል ስንሰማ ወዲያው እናምናለን። ከማመናችን በፊት ግን «የተረጋገጠው በማን ላይ ነው? የተለካውስ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። 16 በመቶው እውነት ነበር፤ የእነዚያ የ8 ሰዎች እውነት ነበር እንጂ የጓደኛዬ አልነበረም።