የአሮጌው ላንድሮቨር የቤንዚን ሞተር በመተማ ቆላ



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት አገር ያያል። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ሲሆን፣ ሸኸዲም የምትባለው ገንዳ ውሃ ግን ከ1,000 ሜትር በታች የምትገኝ ቆላ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ተሳፋሪው ቁልቁለቱን ሲጨርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ሞተሩ ግን ደጋ ላይ የተሰጠውን ማስተካከያ እንደ ለበሰ ይወርዳል። አሮጌ የቤንዚን ሞተር በቆላ ያለ ጊዜው የሚሞተው በዕድሜው ምክንያት ነው ይባላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ማስተካከያና ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ የጥገና ቀጠሮ ነው።

ለማሳያ የሚሆነው የላንድሮቨር ባለ 2.25 ሊትር ሞተር ነው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ፣ ሦስተኛው ሲሪየስ መሠራቱ እስከ ቆመበት እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያገለገለ ሲሆን፣ ከአድማጮች መካከል ፈትቶ የገጠመው አይጠፋም። አራት ሲሊንደር አለው፤ ይዘቱ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የሲሊንደሩ ወርድ 90.5፣ የፒስተኑ ጉዞ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው። ኃይሉ እንደ ሞዴሉና እንደ አለካኩ ከ70 እስከ 77 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ትልቁን የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ ከ2,500 ዙር ሳያልፍ በመሆኑ፣ በጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚጎትት መኪና የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ብሎኩም ቴስታታውም የብረት ቀልጦ ሥራ ነው። እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኮሎው በሦስት ዋና ብሮንዚና ላይ ብቻ ያርፍ ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከመጣው ባለ አምስቱ ይልቅ ከፍተኛ ዙር ሲበዛበት ይጎዳል። ነጂው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጭመቃው መጠን 7 ለ 1 ነው ወይስ 8 ለ 1 የሚለው ነው። ከጎንደር እስከ ገንዳ ውሃ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ሙቀቱ አየሩን በማሳሳት ከፊሉን ቢመልሰውም፣ ሲሊንደሩ በየምቱ የሚስበው አየር ከደጋው ይበዛል። ደጋ ላይ የሳሳውን አየር ለማካካስ መካኒኩ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ አስቀድሞት፣ ካርቡራተሩንም ቤንዚን እንዲያሳንስ አድርጎት ከሆነ፣ መኪናው ቆላ ሲገባ ዳገት ላይ መንኳኳት ይጀምራል። ባለ 7 ለ 1 ሞተር ይህን ለጊዜው ይታገሣል፤ ባለ 8 ለ 1 ግን ፒስተኑንና ጓርኒሲዮኑን ይበላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ እሳቱ ሙሉ ጭነት ይዞ እስከማያንኳኳ ድረስ ይዘገያል፤ ካንዴላውም ተነቅሎ ቀለሙ ይታያል። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ቤንዚኑ አንሷል።

ስለ ማቀዝቀዣው የሚሰማው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ስሕተት ነው። ውሃ በገንዳ ውሃ ከፍታ ሳይታፈን ከ98 ዲግሪ በታች ይፈላል። ከግማሽ ባር በላይ የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ሲኖር ግን የመፍሊያው ልክ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ አንድ ክዳን ከ10 ዲግሪ የሚበልጥ መጠባበቂያ ይሰርቃል፤ ብዙ ሰው ግን ክዳኑን ትቶ ራዲያተሩን ያስበይዳል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ልማድ ሆኗል። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ወደ ፖምፓው የሚመልሰው አጭር መተላለፊያ ክፍት ስለሚቀር፣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፤ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር በጭነት ጊዜ ያሞቃል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ደግሞ ገለባና የሣር ፍሬ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል። ይህ የሚታጠበው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት በሚገፋ ውሃ ነው፤ ከፊት ከታጠበ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል።

ቤንዚን በቧንቧ ውስጥ ሲፈላ ሞተሩ ይጠፋል። ነጂዎች በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመጥሙት በከንቱ አይደለም፤ በዚህ ሞተር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በአንድ ወገን ተያይዘው የተሠሩ በመሆናቸው ካርቡራተሩ ከእሳት በላይ ተቀምጧል። ቧንቧውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና በመካከላቸው ቆርቆሮ መጋረድ ግን ከጨርቁ ይበልጣል።

አቧራ ከሙቀት ይልቅ በዝግታ ይገድላል። ዝናቡ ሲያቆም የመተማ ጥቁር አፈር በየጎማው ሥር ይልማል። ላንድሮቨር አየሩን የሚያጣራው በዘይት ገንዳ በመሆኑ፣ ፊልትሮው የሚገዛ ሳይሆን የሚታጠብ ነው፤ ይህም ሱቅ በሌለበት ቦታ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በገንዳው ሥር ጭቃ ሲጠራቀም የዘይቱ ልክ ከምልክቱ በላይ ከፍ ይልና ሞተሩ ይስበዋል። በአቧራ ወራት በየማታው ተከፍቶ መታየት አለበት። የሞተር ዘይት መለወጫም እንደ ዘመኑ የኩባንያው መጽሐፍ ወደ 5,000 ወይም ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ግማሹ ይበቃል፤ ባለንብረቱ ይህን እንደ ብክነት ቢያየውም፣ የፋሻና የብሮንዚና ዋጋ የዘይቱን ብዙ እጥፍ ነው።

ሒሳቡ ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በመኸር ጊዜ ከሰሊጥ እርሻ የወባ ወይም የካላ አዛር በሽተኛ ወደ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው በአካባቢው የተገኘው መኪና ነው፤ በመንገድ ላይ የቆመ ሞተር እስኪቀዘቅዝ የሚጠበቅበት ሰዓት ከበሽተኛው ዕድሜ ይቀነሳል።

በመጨረሻ አንድ አዲስ ችግር አለ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ትተዋል፤ ለሰው ጤና ታላቅ ጥቅም ነው። እርሳሱ ግን የአሮጌ ሞተሮችን የቫልቭ መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። መቀመጫው ሲበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰጥምና ክፍተቱ ይጠባል፤ ልኩ በዚህ ሞተር ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ በየምርመራው በመዝገብ ይጻፍ፤ በአንዱ ሲሊንደር ላይ ደጋግሞ ከጠበበ፣ ቴስታታው ወርዶ መቀመጫው ይታይ።