ቃሬዛው

በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሥራ ዘመንሽ የማትረሺውን አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ አንድ ከባድ ኦፕራሲዮን የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ባል ነው። ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም አልጠራም። አገራቸው በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ይኼ ይበቃል።

ተመርቄ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በምሥራቅ ጎጃም አንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች አንዲት ሴት በአልጋ ተሸክመው ገቡ። ሌሊት ቤቷ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ደኅና ናት፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሟ ሲፈስ አድሯል። ጋቢው፣ አልጋው፣ የተሸካሚዎቹ ትከሻ ሳይቀር ደም ነበር።

እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። እኛ ዘንድ ሐኪሙ ነበር፣ ግሉኮሱ ነበር፣ መድኃኒቱም ነበር፤ ደም ግን አልነበረም። የቻልነውን አደረግን። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

ለባልየው መርዶውን የነገርኳቸው ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ቁጭ በሉ እንኳ አላልኳቸውም። አልጮሁም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «እታለም፣ ሌሊቱን አምጥቻት ቢሆን ትተርፍ ነበር?»

እኔም «የእግዜር ፈቃድ ነው፣ አያ» አልኳቸው።

ይህን ስል አምላክን ማመኔ አልነበረም፤ ከጥያቄው መሸሼ ነበር። ልዩነቱን እሳቸውም ያወቁት ይመስለኛል። ሬሳውን በዚያው አልጋ አሸክመው ሄዱ።

በዓመቱ፣ ሙት ዓመቷ ሲደርስ፣ ተመልሰው መጡ። አህያ ጭነዋል፤ የገብስ ዱቄት፣ ቅቤና ቡና። «ለሚወልዱት ገንፎ ይሁን፤ ለእሷ የተረፈኝ ነው» አሉ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል። ይህን ጊዜ ወንበር ሰጥቼ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው። «ሌሊቱን ቢመጡ ምናልባት ትተርፍ ነበር። እኛም ዘንድ ደም ቢኖር ምናልባት ትተርፍ ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ግን ሰዓቱ ዋጋ ነበረው።»

ዝም አሉ። የማይሽር ቁስል ጨመርኩባቸው ብዬ ፈራሁ። ከብዙ ዝምታ በኋላ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። ያን ሌሊት ደሙ እንደበዛ ያወቁት ዶሮ ሳይጮህ ነበር። ነገር ግን መሸከሚያ አልነበረም። እንጨት እስኪቆረጥ፣ ጠፍር እስኪፈለግ፣ ጎረቤት እስኪቀሰቀስ፣ «ይንጋና እንየው» የሚለው ሽማግሌ እሺ እስኪል ነጋ። «ለሬሳ ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ በአንድ ጩኸት ይወጣ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ተነሡ። «እንግዲያ ሥራ አለኝ» ብለው ሄዱ።

ሥራው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ቤተ ዘመድ ትልቅ ተዝካር ይጠብቅ ነበር፤ በሬ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ አገር ተጠርቶ። እሳቸው ፍትሐቱን አስፈቱ፣ ካህናቱንና ድኾቹን አበሉ፤ የቀረውን ገንዘብ ግን ለሌላ አዋሉት። ጠንካራ ቃሬዛ አሠሩ። በጠፍር የተወጠረ፣ ለዝናብ ሸራ ያለው፣ ለጨለማ ባትሪ የታሰረበት። ከደጃቸው ጣራ ሥር ሰቀሉት። ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ ስምንት ጎረምሶች መለመሉ። ውሉ አንድ ነው፤ ምጥ የጸናባት ወይም ደም የፈሰሳት ሴት ካለች ማንም ይምጣ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክር የለም፣ ሽማግሌ አይጠበቅም፣ ይነሣሉ።

አንድ ዘመዳቸው «ለሙት መታሰቢያ ሐውልት ነው እንጂ ቃሬዛ ምን ይባላል?» ብሎ ቢወቅሳቸው፣ «ሐውልቱማ ቆሞ ይቀራል፤ ይኼ ይሄዳል» አሉት። ይህን የነገረኝ ከስምንቱ ጎረምሶች አንዱ ነው፤ የገዛ ሚስቱን በዚያ ቃሬዛ ይዞ የመጣ ዕለት። ሚስቱ ተርፋለች።

እኛ በትምህርት ቤት ሦስቱ መዘግየቶች ብለን የተማርነውን፣ ማለትም ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት፣ እኚህ ገበሬ ማንም ሳያስተምራቸው ለይተውታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእንጨትና በጠፍር ተዋጓቸው። ሦስተኛው የእኛ ነው።

ከቢቸና ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያገናኙት እዚያው ነው። ብዙዎቻችን መጽሐፉን ሳናነብ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምተነዋል። ደራሲው ራሳቸውም ባለቤታቸው ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ካረፉ በኋላ ሌላ ሳያገቡ፣ በ1996 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ኖረዋል። የአገራችን ሰው ፍቅርን ሲለካ መቃብርን ድንበር ያደርጋል። እኔ የማወራላችሁ ባል ግን ድንበሩን አልፈዋል። እሳቸውም አላገቡም። ያገባ ሁሉ ረሳ ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ያለ እናት ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለምና። የሚያስደንቀኝ ፍቅራቸው ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ አለመቅረቱ ነው። ለማያውቋት ሴት ሌሊት የሚነሣ ፍቅር ሆነ።

በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱትን እናቶች 871 ብሎ ገምቶ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጆች፣ አምቡላንሶች፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም 412ም የሰው ቁጥር ነው። ከእያንዳንዷ በስተጀርባ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው አለ።

መምህሮቻችን፣ ለእናንተ ልመና አለኝ። የእንግዴ ልጅ በእጅ እንዴት እንደሚወጣ በደንብ አስተምራችሁናል፤ አመሰግናለሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ግን እያንዳንዳችን በየሰዉ ሐዘን ላይ ተለማመድን። ተማሪዎቻችሁ ወንበር ስበው እንዲቀመጡ፣ ሲጠየቁም እንዳይሸሹ አስተምሯቸው። እኔ እውነቱን ለመናገር አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ቃሬዛው አንድ ዓመት ቀድሞ ይሰቀል ነበር። በዚያ ዓመት ከዚያ መንደር ማን ሳይደርስ እንደቀረ አላውቅም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፤ በዓሉን ምክንያት አድርገን በስማችን የሚቆም ነገር ስለማሠራት እየተነጋገርን ነው። እኔ የምለው፣ ገንዘቡ ደም ለሌለው ሆስፒታል የደም ማስቀመጫ ማቀዝቀዣ ይግዛ። እኛም ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እጃችንን ዘርግተን ደም እንስጥ። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

የያኔዋ ሕፃን አድጋለች። ባለፈው አባቷ የገብሱን ዱቄት ሲያመጡ አብራ መጥታ ነበር። ጠፍሩ አርጅቶ ሦስት ጊዜ እንደተቀየረ፣ እንጨቱ ግን ያው የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረችኝ።