ያረጀ ጽሑፍ ሁሉ አይጣልም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የእኔ ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ዕድሜዬንም የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ታዲያ «ስለ ኢንተርኔት እሱ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ አደራ። ከመካከላችን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ሱቅ ከፍቶ፣ ወይም በድርጅት ተቀጥሮ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ዛሬ ብዙ ሰው አለ። ድረ ገጽ ደግሞ ዓመት ሲቆጥር ከመዝገብ ቤት አይለይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ደንበኛ ለማግኘት ሲል ስለ ዕቃውና ስለ ሥራው በድረ ገጹ ላይ በየጊዜው ጽሑፍ ያወጣል። ሰው አንድ ነገር ሲቸግረው ጉግልን ይጠይቃል። ጉግል የዓለምን ድረ ገጽ እየዞረ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ ያነበበውን በማውጫ ይመዘግባል፤ ጠያቂ ሲመጣም ይጠቅማል ያለውን በተራ አውጥቶ ያሳያል። በተራው ራስ ላይ የወጣ ገበያ ያገኛል፤ ከታች የቀረውን ግን በሩን የሚያንኳኳለት የለም። እንግዲህ ጽሑፉ ሲከማችና ጠያቂው ሲቀንስ አለቆች «ይህ አሮጌ ኮተት ነው ወደ ኋላ የሚጎትተን፤ ጠርጋችሁ ጣሉት!» ይላሉ።

ይህ በትልልቆቹም ዘንድ ደርሷል። ሲኔት የሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ የተሻለ ቦታ አገኛለሁ ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ የቆዩ ጽሑፎቹን ማንሣቱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ተሰማ። በዚያው ሰሞን የጉግል ባልደረባ የሆኑት ዳኒ ሰሊቫን ጽሑፍ ስላረጀ ብቻ መሰረዝ እንደማያስፈልግ፣ የቆየም ጽሑፍ ሊጠቅም እንደሚችል በይፋ ተናገሩ። የጉግል የጽሑፍ ምክርም ቢሆን፣ ድረ ገጹ ትኩስ እንዲመስል ብሎ ብዙ አሮጌ ነገር ማንሣት ቦታ እንደማያሻሽል በግልጽ ያስረዳል። ሲኔት ጽሑፎቹ የድሮ ገጾችን በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን እንዲቀሩ ማድረጉ ግን የሚመሰገንበት ነው።

በአንጻሩ ሀብስፖት የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ መጀመሪያ ቆጠረ። ቢቆጥር፣ በወር ውስጥ ጽሑፎቹ ከተነበቡት 76 በመቶው ከዚያ ወር በፊት የወጡትን አሮጌዎቹን ነበር። ስለዚህ የቆዩትን እየመረጠ አደሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ገለጸውም፣ ወደ ታደሱት ጽሑፎች በፍለጋ የሚመጣው አንባቢ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እንግዲህ ሳይቆጥር የሚጠርግ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ነው።

በአንድ የውኃ ፓምፕ በሚሸጥ ድርጅት የምትሠራው ልጄም እንዲሁ አሮጌውን ሁሉ አጥፊ ተብላ ታዘዘች። እኔም «በመዝገብ ቤት ሕግ እንሂድ» አልኳት። በእኛ ዘመን ፋይል የሚወገደው ስላረጀ ሳይሆን ተመርምሮ ነው። እያንዳንዱ ገጽ መቼ እንደ ወጣና ስለ ምን እንደሆነ በዝርዝር ጻፍን፤ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል ነጻ አገልግሎት ደግሞ ሰው በየትኛው ገጽ በፍለጋ እንደሚገባ ነገረን። ከዚያ በአራት ከፈልነው።

1ኛ. የሚቀመጥ። መሸጡ ከቀረ ብዙ ዓመት የሆነው ፓምፕ እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ ገጽ ነበር። ፓምፑ ግን ዛሬም በገበሬው ማሳ ላይ ውኃ ይስባል፤ ሲበላሽበት የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። ይህ ቢጠፋ የሚጎዳው ማን ነው? አንድም ገበሬው፣ አንድም መለዋወጫ የሚሸጠው ድርጅቱ ራሱ!

2ኛ. የሚታረም። ቁም ነገሩ ደኅና ሆኖ ዋጋው ወይም ስልክ ቁጥሩ ያለፈበት። አሮጌ ዋጋ አምኖ ከገጠር ተነሥቶ የመጣ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

3ኛ. የሚዋሐድ። ስለ አንድ ጉዳይ ሦስት ቦታ የተጻፈ። ከሦስቱ አንድ ደኅና ገጽ ይወጣል። እኛ ፋይል ስናዛውር በቦታው «ወደ እገሌ ቁጥር ተዛውሯል» የሚል ወረቀት እንተው ነበር። በኢንተርኔትም ይኸው አለ፤ 301 የሚባለው ማስተላለፊያ የድሮውን አድራሻ የያዘውን ሰው ወደ አዲሱ ይወስደዋል። ይህ ካልተደረገ «404፣ አልተገኘም» የሚል ባዶ ገጽ ይገጥመዋል፤ ሌሎች ድረ ገጾች ወደዚያ ገጽ እየጠቆሙ የሰጡት ምስክርነትም በከንቱ ይቀራል።

4ኛ. የሚወገድ። ያለፈ የበዓል መልካም ምኞት፣ ቀኑ ያለቀ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ለማንም የማይረባ ነገር። እርሱም ቢሆን ቅጂው በድርጅቱ ዘንድ ተቀምጦ ነው የሚወገድ። ነገ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናላ!

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። አንዳንዶች ጽሑፉን ሳይነኩ ቀኑን ብቻ ለውጠው ትኩስ ያስመስላሉ። ጉግልም ይህን አይወደውም። በእኛ መዝገብ ቤት ግን የደብዳቤ ቀን የለወጠ ሰው አጭበርባሪ እንጂ ጸሐፊ አይባልም ነበር። ጽሑፉ ከታረመ ቀኑ ይታረም፤ ካልታረመ ግን እንዳለ ይቆይ።

ስለሆነም ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ «አሮጌውን ጥረጉ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሳቸው መጀመሪያ ቆጥረው፣ አንብበው፣ ለይተው እንዲነኩት ምከሩልኝ። የጽሑፍ ዋጋው ባለቤቱ መቼ እንደ ጻፈው ሳይሆን፣ ዛሬ የቸገረውን ሰው መርዳት አለመርዳቱ ነው።