ቁልፉ በማን እጅ ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ጎቲክ ስለሚባሉት የድሮ እንግሊዝ አስፈሪ ልቦለዶች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሆራስ ዋልፖል በ1764 የኦትራንቶን ግንብ ታሪክ ካወጣ ጀምሮ የዚህ ዓይነት ድርሰት ያለ አሮጌ ግንብና ያለ ተቆለፈ በር እምብዛም አይጻፍም። አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው መንፈሱንና የሌሊቱን ጩኸት ነው። እኔ ግን ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ የማን እንደሆነ ነው። ጓደኞቼ «አንቺማ ለልቦለድም ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ» ይሉኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነገር ሆኖብኝ ነው።

አን ራድክሊፍ በ1794 ባሳተመችው የኡዶልፎ ታሪክ ውስጥ ሞንቶኒ የሚባል ሰው ባሏ የሞተባትን ባለሀብት ሴት ያገባና እሷንና የወንድሟን ልጅ ኤሚሊን ኢጣሊያ ተራራ ላይ ወዳለው ግንቡ ይወስዳቸዋል። ከኤሚሊ መኝታ ክፍል በሮች አንዱ በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ የለውም፤ በውጭ በኩል ግን ሁለት አለው። ልጅቱ እንዴት ትተኛ? ሞንቶኒ የሚፈልገው ግን ፊርማ ነበር፤ ሚስቱ ፈረንሳይ አገር ያላትን ርስት እንድታስተላልፍለት። እምቢ ብትለው ማማ ላይ አስቆለፈባት፤ እዚያ በያዛት በሽታም ሞተች። ርስቱ ለኤሚሊ ሲደርስ ደግሞ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ያ ሁሉ ግድግዳና ጨለማ የቆመው ለአንዲት ወረቀት ነው። ስማችሁ ካርታው ላይ በሌለበት ቤት የኖራችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ያወጣችው «ጄን ኤር» ላይ ሒሳቡ ይበልጥ ግልጽ ነው። ጄን ቶርንፊልድ በሚባለው ትልቅ ቤት ልጅ እያስተማረች በዓመት 30 ፓውንድ ይከፈላታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጠባብና ጨለም ያለ መተላለፊያ አለ፤ በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። እዚያ የተቆለፈባት የባለቤቱ የሮቸስተር ሚስት፣ ቤርታ ናት። አባቱ ርስቱን ለሁለት መክፈል ስላልፈለገ ለታናሽ ልጁ ያጨለት ባለ 30,000 ፓውንድ ሙሽራ ነበረች። የጄን የሺህ ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። ይህን ያህል ይዛ የመጣችው ሴት የምትኖረው መስኮት በሌለው ክፍል፣ በጠባቂ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘብ በአብዛኛው የባሏ ነበር፤ በራሷ ስም ንብረት እንድትይዝ በደንብ የፈቀደላት የ1882ቱ ሕግ ነው።

ጄን በኋላ ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ወረሰች። ከሦስት ዘመዶቿ ጋር እኩል ተካፈለችና 5,000 ደረሳት። ወደ ሮቸስተር ስትመለስ ቤርታ ሞታለች፣ ቶርንፊልድም ተቃጥሏል። ታዲያ ጄን ምን አለችው? አብሬህ እንድኖር ባትፈቅድልኝ እዚሁ ደጅህ አጠገብ የራሴን ቤት እሠራለሁ።